30 ቀን ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ ፍቅር፦ ከህንድ ፊልም እስከ ህንድ ጋብቻ

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሶቹ ሲበዙ፣ አዲስ የሚገቡ ሰዎች ከየት እንጀምር እያሉ ነው። ስለዚህ ጥያቄዬን እዚህ ላይ ደግሜ፣ ከሥሩ የመጡትን መልሶች በየተራቸው እተርካለሁ። የሰውን ጽሑፍ ቃል በቃል አልገለበጥኩም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄዬ እንዲህ ነበር። ብዙዎቻችን ፍቅር የሚባለውን ነገር መጀመሪያ ያየነው በህንድ ፊልም ነው። ሰፈር ቪዲዮ ቤት ውስጥ አግዳሚ ላይ ተጣብበን፣ ቋንቋውን ሳንሰማ አልቅሰናል። አክተሩ ደሃ ነው። ልጅቷ የሀብታም ልጅ ናት። አባቷ እምቢ ይላል። ይዘፈናል፣ ይደባደባሉ፣ በመጨረሻ ፍቅር ያሸንፋል። አክተሩ አይሞትም። በዚህ ነው ያደግነው።

በኋላ ለትምህርት ህንድ ሄድኩ። ቪሳካፓትናም ነው የኖርኩት። አንድ የክፍሌ ልጅ ነበር፣ ሂንዱ ነው። የሚወዳት ልጅ ክርስቲያን ናት። ጋብቻቸውን ሊያስመዘግቡ ሲሄዱ አብሬያቸው ሄድኩ። ኮሪደሩ ላይ የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ። የተጋቢዎች ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ የሚኖሩበት ቤት አድራሻ ተለጥፏል። 30 ቀን እዚያ ይቆያል። ያነበበው ሁሉ ልቃወም ብሎ መግባት ይችላል። ጓደኛዬ ሰሌዳውን ሲያይ ላብ አጠመቀው። እኔም ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህን ያህል ስለ ፍቅር የሚዘፍን አገር፣ ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች ሲጋቡ ለምን እንዲህ ይፈራል? ፊልሙ ዋሽቶናል ማለት ነው? ያልኩት ይህን ነው።

1ኛው እና 2ኛው መልስ ትዝታ ናቸው። የመጀመሪያው ሰው አመስግኖኝ፣ እናቱ ሻህ ሩክ ካንን እንደ ራሷ ልጅ ታዝንለት እንደነበር ነገረን። ሁለተኛዋ ደግሞ ዘፈኖቹን ትርጉማቸውን ሳታውቅ እስከ ዛሬ በቃሏ እንደምትዘፍናቸው ጻፈች። ጥያቄውን አልነኩትም፤ ግን ክሩን በፍቅር ጀመሩልን።

3ኛው መልስ አረመኝ። ጸሐፊው ህንድ ሕግ የተማረ ሰው ነው። በጣም ጨዋ አጻጻፍ አለው። መጀመሪያ የተናገረው፣ ሰሌዳው የአንድ ቢሮ ክፉ ልማድ ሳይሆን ሕግ መሆኑን ነው። በ1954 የወጣው ልዩ የጋብቻ ሕግ፣ ሃይማኖታቸው የተለያየ ሰዎች ሃይማኖታቸውን ሳይለውጡ እንዲጋቡ የተሠራ ነው። ለዘመኑ ደፋር ሕግ ነበር። ግን ማስታወቂያና 30 ቀን መጠበቅ አለበት። ተቃዋሚም የፈለገውን ምክንያት ይዞ መምጣት አይችልም። ወንዱ 21፣ ሴቷ 18 ዓመት አልሞላም፣ ወይም አንዱ ሌላ ባል ወይም ሚስት አለው፣ ወይም የሥጋ ዘመድ ናቸው፣ ወይም አእምሮው ለመፍቀድ አይችልም የሚሉት ናቸው ምክንያቶቹ። ሃይማኖቷ ሌላ ነው ብሎ መቃወም በሕጉ የለም።

ቀጥሎ የጻፈው ነው እኔን የያዘኝ። በወረቀት ላይ ምክንያቱ ጠባብ ይሁን እንጂ፣ ጉዳቱ ከተቃውሞው በፊት ነው የሚደርሰው ይላል። ማስታወቂያው ራሱ ወሬ ነው። ከተጋቢዎቹ አንዱ ቋሚ መኖሪያው ሌላ ወረዳ ከሆነ፣ ቅጂው ወደዚያ ይላካል። እዚያም ይለጠፋል። ማለትም ከመንደርህ ሸሽተህ ትልቅ ከተማ ብትገባ፣ ስምህ ተመልሶ መንደርህ ሰሌዳ ላይ ይሰቀላል። በ1955 የወጣው የሂንዱ ጋብቻ ሕግ ግን ይህ ማስታወቂያ የለበትም። ስለዚህ ብዙ ጥንዶች የሚያመልጡበት መንገድ አንዳቸው ሃይማኖት ለውጠው ቶሎ መጋባት ነበር። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ ተመልሶ ይመጣል።

4ኛዋ መልስ ሰጪ ኬረላ ውስጥ ኮቺ የኖረች ናት። እዚያ ማስታወቂያው በመዝገብ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ፣ ፎቶ ሳይቀር፣ ይወጣ እንደነበር አስታወሰችን። ሰዎች የሂንዱና የሙስሊም ጥንዶችን ማስታወቂያ እየለቀሙ በማኅበራዊ ሚዲያ ያሰራጩት ጀመር። በ2020 ግዛቱ ድረ ገጹ ላይ ማውጣቱን አቆመ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰሌዳ ግን አልተነሳም።

5ኛው መልስ ፊልሙ ዋሽቶናል ያልኩትን ተቃወመ። አባባሉ ልክ ነው፤ አሁን እኔም ተቀብየዋለሁ። ምሳሌው ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ ነው። በ1995 ወጥቶ፣ ሙምባይ ማራታ ማንዲር በተባለው ሲኒማ ቤት ከ25 ዓመት በላይ የታየው ፊልም። የልጅቷ እናት ጌጧን ሰጥታ፣ ይዘሃት ጥፋ ትለዋለች። አክተሩ እምቢ ይላል። ያለ አባቷ ፈቃድ አልወስዳትም ይላል። በመጨረሻ ባቡሩ ሲነሳ የአባትየው እጅ ነው የልጅቷን እጅ የሚለቀው። እኛ ፍቅር አሸነፈ ብለን አጨበጨብን። ያሸነፈው አባትየው ነው፣ አለ ይህ ሰው። ፊልሙ እውነቱን ፊት ለፊት ነግሮናል፤ ያልሰማነው እኛ ነን።

እዚያው ላይ አንድ ነገር ጨመረ። በዚያው ዓመት ማኒ ራትናም ቦምቤይ የተባለውን ፊልም አወጣ። ሂንዱ ወንድ ሙስሊም ሴት አግብቶ ከመንደር ይሸሻል፤ ከዚያ የ1992 እና የ1993 የቦምቤይ የሂንዱና የሙስሊም እልቂት ይደርስባቸዋል። ዳይሬክተሩ ማድራስ (የዛሬው ቼናይ) ቤቱ ላይ ቦምብ ተወርውሮበት ቆሰለ። አባት የሚለመንበት ፍቅር ሠላሳ ዓመት ሲታይ፣ አባት ሳይጠየቅ የተደረገው ፍቅር ቦምብ አመጣ።

6ኛው መልስ ከ5ኛው ተስማምቶ ወደ ኋላ ወሰደን። ነገሩ በ1977 ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ኢንዲራ ጋንዲ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን አላልታ ምርጫ ጠርታለች። ተቃዋሚዎቹ ዴልሂ ራምሊላ ሜዳ ላይ ትልቅ ሰልፍ ጠሩ። ከተናጋሪዎቹ አንዱ ጃግጂቫን ራም ነው፤ የዳሊት (በትውልድ የማይነኩ ተብለው የሚገለሉት ሰዎች) ተወላጅ የሆነ፣ ገና ከመንግሥቷ የወጣ ሚኒስትር። የመንግሥት ቴሌቪዥን በዚያው ምሽት ሕዝቡ ቤቱ እንዲቀር ብሎ ቦቢን አሳየ። የ1973 ፊልም ነው፤ የሀብታም ሂንዱ ልጅ የደሃ ክርስቲያን ዓሣ አጥማጅ ልጅ ሲወድ። ሕዝቡ ፊልሙን ትቶ ሰልፉን ሞላው። በቀጣዩ ወር ኢንዲራ ምርጫውን ተሸነፈች። ይህን ታሪክ ስወደው! ፖለቲካ፣ ሲኒማና ፍቅር በአንድ ምሽት ተገናኝተው።

7ኛው መልስ ላይ ድምፁ ተለወጠ። ጸሐፊው ፖለቲካ አታስገቡብን አለ። እኛ የመጣነው ስለ ፊልም ለማውራት ነው፣ የሰው አገር መንግሥት ምን አገባን ብሎ ቆጣ አለ። 8ኛው ወዲያው መለሰለት። ይህ ጸሐፊ ዴልሂ ብዙ ዓመት የሠራ ነው። ፖለቲካውን ያስገባነው እኛ አይደለንም፣ ራሱ መኝታ ቤት ገብቷል አለ። 3ኛው መልስ ያነሳውን፣ ሃይማኖት ለውጦ ቶሎ መጋባትን ያዘ። በ2020 መጨረሻ ኡታር ፕራዴሽ የተባለችው ግዛት አዲስ ሕግ አወጣች። ሃይማኖት የሚለውጥ ሰው ከ60 ቀን በፊት ለወረዳው አስተዳዳሪ ማሳወቅ አለበት። ለጋብቻ ብቻ የተደረገ ነው ከተባለ ጋብቻው ይፈርሳል። እስር እስከ 10 ዓመት። በ2024 ደግሞ ወደ ዕድሜ ልክ ከፍ አለ። ማድያ ፕራዴሽና ጉጃራት ተመሳሳይ ሕግ አላቸው። አሁን ሁለቱን በሮች እዩዋቸው አለን። ሃይማኖትህን ሳትለውጥ ላግባ ካልክ 30 ቀን ሰሌዳ ላይ ትሰቀላለህ። ለውጬ ላግባ ካልክ 60 ቀን ቀድመህ ታሳውቃለህ። የተዋደዱት ልጆች መሐል ላይ ቆመዋል።

9ኛው መልስ ከረረ። እናንተ የልጅ አባት አይደላችሁም አለ። ሂንዱ ሴት ልጆች በሙስሊም ወንዶች በፍቅር ስም ተታልለው ሃይማኖታቸውን እየተቀሙ ነው፤ ላቭ ጂሃድ የሚባለው እውነት ነው፤ በ2023 የወጣው ዘ ኬረላ ስቶሪ ይህንኑ አሳይቷል ብሎ ተከራከረ። 10ኛዋ ረጋ ብላ፣ ግን ያለ ርኅራኄ መለሰችለት። የዚያ ፊልም ማስተዋወቂያ መጀመሪያ 32,000 ሴቶች እንዲህ ሃይማኖት ለውጠዋል ይል ነበር። ሲጠየቁ ወደ 3 ዝቅ አደረጉት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የምዕራብ ቤንጋል ግዛት በፊልሙ ላይ የጣለውን እገዳ ሲያነሳ፣ 32,000 ለሚለው ቁጥር የተረጋገጠ መረጃ የለም የሚል ጽሑፍ ፊልሙ ላይ እንዲገባ አደረገ። በዚያው ሳምንታት ጠቅላይ ሚኒስትር ሞዲ ካርናታካ በምርጫ ቅስቀሳ መድረክ ላይ ፊልሙን አመስግነውታል። የራሳቸው መንግሥት ግን በየካቲት 2020 ለፓርላማ ሲመልስ፣ ላቭ ጂሃድ በሕግ ትርጉም የሌለው ቃል መሆኑንና የፌዴራል መርማሪዎች እንዲህ ያለ ጉዳይ እንዳላቀረቡ ተናግሯል።

11ኛው መልስ ራሱ 9ኛው ሰው ነው። የተጻፈውን እዚህ መድገም አልፈልግም። ስለ 10ኛዋ ሴትነት ነበር፣ ስለ ነገሩ አልነበረም። እዚህ ላይ ገብቼ፣ ነገሩን እንጂ ሰውን አትንኩ አልኩ። ልጅ አለኝ ያለውን ፍርሃቱን አልንቅም። ፍርሃቱን ግን ቁጥር ፈጥሮ የሚሸጥለት ሰው ሲኖር ዝም ማለት አልችልም።

12ኛው ነገሩን ሚዛን ላይ አስቀመጠው። ሁሉን በሞዲ ፓርቲ ላይ ብቻ መደፍደፍ ቀላል ነው አለ። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም ወደ 30,000 የሚጠጉ ህንዳውያንን ጠይቆ በ2021 ያወጣውን ውጤት አመጣ። ከሂንዱዎቹ 67 በመቶ የሚሆኑት ሴቶቻቸው ከሃይማኖታቸው ውጭ እንዳያገቡ መከልከል በጣም አስፈላጊ ነው ብለዋል። ከሙስሊሞቹ ደግሞ 80 በመቶ። በካስት፣ ማለትም በትውልድ በሚወረስ የማኅበረሰብ ደረጃ፣ መካከል የሚደረግ ጋብቻንም ከጠቅላላው 64 በመቶ ሴቶች እንዳያደርጉት መከልከል በጣም አስፈላጊ ነው ብለዋል። ሕጉ ሕዝቡን አልፈጠረውም፤ ሕዝቡም ሕጉን ሲያይ ልቡ ይደነድናል አለ። ከሁሉም መልሶች ደግሜ ያነበብኩት ይህን ነው።

13ኛዋ ፑኔ የምትማር ልጅ ናት። ካስት የሚለውን ቃል ስታይ ጻፈች። እስካሁን ስለ ሃይማኖት ብቻ አወራችሁ፤ ብዙው ደም የሚፈሰው ግን እዚያው ሂንዱ ለሂንዱ ነው አለች። ከዚያ ሳይራትን ተረከችልን። በ2016 የወጣ የማራቲ ቋንቋ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ናግራጅ ማንጁሌ ራሱ ዳሊት ነው። ልጁ የዓሣ አጥማጅ ልጅ። ልጅቷ የባለ መሬትና የፖለቲከኛ ልጅ፤ ሞተር ሳይክል ትነዳለች፣ ትራክተር ትነዳለች፣ ማንንም አትፈራም። ግማሹ ዘፈንና ሳቅ ነው። እኛ ቪዲዮ ቤት ያየነው ዓይነት። ከዚያ ሃይደራባድ ይሸሻሉ፤ ዘፈኑ ይቆማል። አንድ ክፍል ቤት፣ የድካም ሥራ፣ ጠብ፣ እርቅ፣ ልጅ። አንድ ቀን ወንድሟ ከዘመዶቹ ጋር ስጦታ ይዞ ይመጣል። ሻይ ታፈላለች። ጎረቤት ወስዳው የነበረችው ሕፃን ተመልሶ ሲገባ እናትና አባቱ በደም ተነክረዋል። ሕፃኑ እያለቀሰ ሲወጣ እግሩ መሬቱ ላይ ቀይ ምልክት ይተዋል። ድምፅ የለም።

አክተሩ ሞተ። የጥያቄዬን የመጀመሪያ አንቀጽ አስታውሳ ነው ይህን የጻፈችልኝ። ከዚያ የጨመረችው የበለጠ አሳመመኝ። የፊልሙ ደማቅ የጭፈራ ዘፈን ፑኔ ውስጥ በሄደችበት ሠርግ ሁሉ ይዘፈናል። ካስት ተቆጥሮ በወላጅ የተዘጋጀ ሠርግ ላይ፣ ካስት ተሻግረው በተገደሉ ልጆች ዘፈን ይጨፈራል።

14ኛው መጨረሻውን ነገርሽን ብሎ ተቆጣ። ፊልሙን ሊያይ አስቦ ነበር። 15ኛው ደግሞ መጨረሻውን እያወቅህ ብታየውም ያስለቅስሃል አለው። እነሱ ተከራከሩ፤ እኔ ይቅርታ ጠይቄ አለፍኩ። እዚያው ላይ ግን 15ኛው ሰው ጓደኞችህስ ምን ሆኑ ብሎ ጠየቀኝ። መመለስ ነበረብኝ። የልጅቷ ቋሚ መኖሪያ ሌላ ወረዳ ነበር። ቅጂው ወደዚያ ሄደ። አጎቷ ሰማ። ማንም በሕግ አልተቃወመም። መኪና ይዘው መጥተው ወደ ቤት ወሰዷት። ስትመለስ ሦስት ወሩ አልፏል። በሦስት ወር ውስጥ ካልተጋባችሁ ማስታወቂያው ይሞታል፤ እንደ አዲስ ይጀመራል። እንደ አዲስ ጀመሩ። እንደገና 30 ቀን። ዛሬ ተጋብተዋል።

16ኛው ከሃይደራባድ ነው። ሳይራት ፊልም ነው የምትሉ ካላችሁ ብሎ በቴላንጋና ሚርያላጉዳ ከተማ በ2018 የሆነውን አመጣ። አንድ የ20ዎቹ ወጣት ዳሊት ነፍሰ ጡር ሚስቱን ከሆስፒታል ይዞ ሲወጣ በር ላይ ተገደለ። ካሜራ ቀርጾታል። ገዳዩን በገንዘብ የላከው የልጅቷ አባት ነበር። በ2025 ናልጎንዳ ያለው ፍርድ ቤት በአንዱ ላይ ሞት፣ በስድስቱ ላይ ዕድሜ ልክ ፈረደ። ከዚህ መልስ በኋላ ለሁለት ቀን ማንም አልጻፈም።

17ኛው ዝምታውን ሰበረው። እኛስ? አለ። እኛ አጥንት አንቆጥርም? የሸማኔ ልጅ፣ የቀጥቃጭ ልጅ፣ የሸክላ ሠሪ ልጅ ተብሎ ሽማግሌ የተመለሰበት ቤት የለም? ስለ ህንድ ሰሌዳ የምታለቅሱ፣ የራሳችሁን ሰሌዳ በአያታችሁ አፍ ላይ ፈልጉት አለ። 18ኛውና 19ኛው ተንጫጩ። አንዱ ማወዳደር አይቻልም አለ፤ ሌላዋ ይቻላል ብላ የራሷን ጋብቻ አነሳች። ዝርዝሩን እንዳልጽፈው በግል ለምናኛለች። 17ኛው ያለው ግን እውነት ነው። ህንድ ስለ ራሷ በፊልምም በፍርድ ቤትም ጮክ ብላ ትከራከራለች። ለዚህ አከብራታለሁ።

20ኛው ከቼናይ ጻፈና ወሬው ሸሸ። ታሚል ናዱ ውስጥ አክተር ማለት የወደፊት መሪ ነው አለ። አክተሩ ኤም ጂ አር በ1977 የግዛቱ መሪ ሆነ፣ በ1987 ሲሞትም በዚያው ሥልጣን ላይ ነበር፤ አብራው የተወነችው ጃያላሊታ ተከተለች። በ2024 ደግሞ ቪጃይ የተባለው አክተር ፓርቲ መሠረተ። ስለ ምግብና ስለ ሙቀትም ብዙ ተወራ፤ እሱን ዘልያለሁ።

21ኛዋ ወደ ነገሩ መለሰችን። የዳሊቶች መሪ የነበረው አምቤድካር በ1936 ካስትን የሚያፈርሰው እውነተኛ መድኃኒት በካስት መካከል መጋባት ነው ብሎ ጽፏል አለች። ለንግግር የተዘጋጀ ነበር። የጋበዙት ሰዎች ረቂቁን ሲያዩ ስብሰባውን ሰረዙ፤ እሱ በራሱ ገንዘብ አሳተመው። በ1948 ራሱ ከብራህሚን ቤተሰብ የተወለደች ሐኪም አገባ። በስሙ የተሰየመ፣ በ2013 የተጀመረ የመንግሥት ፕሮግራም፣ ከሁለቱ አንዳቸው ዳሊት የሆኑ ጥንዶች 250,000 ሩፒ እንዲያገኙ ይፈቅድ ነበር። ያው መንግሥት በአንድ እጁ ይሸልማል፣ በሌላው ስማቸውን ይለጥፋል አለች።

22ኛው መልስ የ3ኛው የሕግ ሰው ነው፤ ተስፋ ይዞ ተመለሰ። በመጋቢት 2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሁለት ለአቅመ ሕግ የደረሱ ሰዎች ከተስማሙ የቤተሰብም የጎሳም ፈቃድ አያስፈልግም አለ። የመንደር ሸንጎ ጣልቃ መግባቱ ሕገ ወጥ ነው፤ ጥንዶች የሚጠለሉበት ቤት ይዘጋጅ ብሎ አዘዘ። በጥር 2021 የአላሃባድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማስታወቂያው የሚለጠፈው ጥንዶቹ ከፈለጉ ብቻ ነው አለ። ግን አላሃባድ የሚያዘው ኡታር ፕራዴሽን ነው። 23ኛው ሰው ተስፋውን ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰበት፤ ኡታራክሃንድ የተባለችው ግዛት ከጥር 2025 ጀምሮ ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩትንም ተመዝገቡ ትላለች፣ ያልተመዘገበ ይታሰራል ብሎ።

24ኛው መልስ ትናንት ማታ ገባ። አዲስ ሰው ነው፤ ክሩን ከላይ እስከ ታች አንብቦ የመጣ። እዚያው ህንድ የሚማር ኢትዮጵያዊ ነው። የሚወዳት ልጅ ህንዳዊት ናት። በ1954ቱ ሕግ ሊጋቡ ነው። ሕጉ የውጭ ዜጋን እንደሚፈቅድ አውቋል፤ የጠየቀው ወረቀት ነው። ክርክሩ ሁሉ በአንዴ ቆመ። 3ኛው ከሁለት አንዳቸው በወረዳው ቢያንስ 30 ቀን መኖራቸውን የሚያሳይ ማስረጃ አዘጋጁ አለው። 8ኛው ያላገባ መሆኑን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ዴልሂ ካለው ኤምባሲያችን ቶሎ እንዲጠይቅ ነገረው። 13ኛዋ ሦስት ምስክር እንደሚያስፈልግ አስታውሳ፣ እንዳይቀሩብህ አራት ጥራ አለችው። 9ኛው እንኳ ገባ፤ የልጅቷ አባት በሕይወት አለ ወይ ብሎ ጠየቀው። አለ፤ አያውቅም።

ማስታወቂያቸው ተለጥፏል። ዛሬ 11ኛ ቀኑ ነው። የትኛው ከተማ እንደሆነ ማንም አልጠየቀውም።